ነጻ ከወጣች በኋላ ያልሄደችው ሐበሻዊት እናት

የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አባት አብደላህ የሞቱት ልጃቸው ሳይወለድ ነው። የተዉት ውርስ ብዙ አልነበረም። የሲራ ጸሐፊዎች ሲቆጥሩት አምስት ግመሎች፣ ጥቂት በጎችና አንዲት ሐበሻዊት ባሪያ ይላሉ። ከግመልና ከበግ ጋር በአንድ መስመር የተቆጠረችው ይህች ወጣት በረካ ቢንት ሠዕለባ ትባላለች። እኛ ይበልጥ የምናውቃት በልጇ ስም ነው፤ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ)።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የሐበሻን ስም ስናነሳ ነጃሺንና ቢላልን (ረ.ዐ) እናስቀድማለን። ተገቢም ነው። ነገር ግን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሕመማቸው ድረስ በቅርብ ያየች ሰው ካለች ኡሙ አይመን ናት። ስለ ነጻነት የምታስተምረንም ነገር ከቢላል ታሪክ ይለያል። ቢላል ሰው አካሉ ታስሮም ልቡ ነጻ ሊሆን እንደሚችል አሳየን። የኡሙ አይመን ታሪክ የሚከብደው ግን እስራቱ ከተፈታ በኋላ ነው። ሰው ነጻ ሲወጣ በነጻነቱ ምን ያደርግበታል? ነጻ ያወጣውስ ሰው ከዚያ ወዲያ እንዴት ይይዘዋል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና ዘመድ ሊያስጠይቋቸው ወደ የሥሪብ ይዘዋቸው ሄዱ። በረካም አብራ ነበረች። ሲመለሱ አሚና አብዋእ በተባለ ቦታ ታመው ሞቱ። አስቡት፤ በበረሃ መካከል፣ አዲስ መቃብር አጠገብ፣ አንድ የቲም ሕፃንና አንዲት ባሪያ። በረካ ልጁን ይዛ መካ ገባች፤ ለአያታቸው ለዓብዱልሙጠሊብ አስረከበች። ሁለት ዓመት ቆይቶ አያትየውም ሞቱ። ልጁ ወደ አጎታቸው ቤት ሲዛወሩ እሷ አሁንም አብራቸው ነበረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኋላ ከእናቴ ቀጥላ እናቴ እሷ ናት ይሉ እንደነበር ተዘግቧል።

በ25 ዓመታቸው ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ መጀመሪያ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ በረካን ነጻ ማውጣት ነበር። ወሕይ ገና አልወረደም፤ ይህን ያዘዛቸው ሕግም አልነበረም።

እዚህ ላይ ፊቅህ የተማረ ሰው ልብ የሚለው አንድ ነገር አለ። በኋላ በተደነገገው የኢስላም ሕግ ባሪያ የሆነ ሰው ጁሙዓ ግዴታው አይደለም፤ ሐጅም አይገደድም፤ ጥፋት ቢያጠፋ በአንዳንዱ ቅጣቱ በግማሽ ይቀንሳል። ነጻ ሲወጣ እነዚህ ሁሉ ይሞሉበታል። ስለዚህ ነጻነት በሸሪዓ ሚዛን ሸክም ማራገፍ ብቻ አይደለም፤ ሸክም መረከብም ነው። ተጠያቂነቱ የሚሞላው እምቢ ማለትና መሄድ ለሚችል ሰው ነው።

በረካ መሄድ ትችል ነበር። የኸዝረጅ ሰው የሆነውን ዑበይድን አገባች፤ አይመንንም ወለደች። ከዚያ ትዳር በኋላ ግን ወደዚያው ቤተሰብ ተመለሰች። ይህ መመለስ ዋጋ ያለው በሩ ክፍት ስለነበረ ነው። የተቆለፈበት ሰው ቤት ውስጥ ቢቆይ ታማኝ አይባልም።

ይህን የምለው ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። ጎባ ሳስተምር ሴት ተማሪዎቼ አንድ በአንድ ከክፍል ይጎድሉ ነበር። ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ ዐረብ አገር ሄዳለች። ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ፣ ከወሎ ስንት እህቶቻችን ዛሬ በዐረብ ቤት ውስጥ ናቸው! ከፋላ በሚባለው አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ብዙ ጊዜም ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ ብዙዎቹ የያዙት በእጃቸው የተንጠለጠለ ፌስታል ብቻ ነበር። ሐበሻዊት ሴት በዐረብ ቤት ስትኖር ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። የአሁኖቹ ባለቤቶች የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና እንከተላለን የሚሉ ከሆነ ግን የመሳቢያው ቁልፍ ይመለከታቸዋል።

ወደ ሲራው እንመለስ። የኡሙ አይመን ሁለተኛ ባል ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ) ነበር። እሱም በልጅነቱ ተዘርፎ የተሸጠ ነው። አባቱና አጎቱ ፈልገው ሲያገኙት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምርጫውን ለራሱ ሰጡት፤ እሱም መቅረትን መረጠ። በአንድ ጎጆ ውስጥ ሁለት ተሽጠው የነበሩ፣ መሄድ ሲችሉ የቀሩ ሰዎች ተገናኙ ማለት ነው። ኡሳማ የተወለደው ከእነዚህ ነው። ያ ልጅ ገና በወጣትነቱ ትልልቅ ሶሐቦች የነበሩበት ጦር አዛዥ ሆነ። ባሪያ የነበሩት ሰዎች ልጅ መሾሙ ያላስደሰታቸው አጉረመረሙ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሹመቱን አላነሱም።

ኡሙ አይመን ዐረብኛ እስከ መጨረሻው ያስቸግራት ነበር። ሰላምታውን አቀላጥፋ ማለት ሲያቅታትና ቃሉ ሲዛባባት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰላም ብቻ እንድትል ፈቀዱላት። አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ ልጆች ከዐረብኛ ፊደላት ጋር ሲታገሉ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይፈካ ነበር። አንደበቷ ቢንተባተብም ዝም የምትል ሴት ግን አልነበረችም።

ኢማም ሙስሊም ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በዘገቡት መሠረት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ሊጠይቋት ቤቷ ሄዱ። የሚጠጣ ነገር አቀረበችላቸው። ጾመኛ ስለነበሩ ይሁን ወይም ስላላሰኛቸው አነስ አላወቀም፤ ብቻ አልጠጡም። እሷም ድምጿን ከፍ አድርጋ ተቆጣቻቸው። በጎባ ብርድ የቀረበለትን ወተት አልፈልግም ያለ እንግዳ ከባሌ እናት ምን እንደሚገጥመው የሚያውቅ ሰው ትዕይንቱን ለመሳል አይቸገርም። የተቆጣችው ግን የአላህን መልእክተኛ፣ የመዲናን መሪ ነው። እሳቸውም ዝም ብለው ተቀበሏት።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህም ይከብዳል። ሙሃጂሮች ባዶ እጃቸውን መዲና ሲገቡ አንሷሮች የተምር ዛፎቻቸውን ለመጠቀሚያ ሰጥተዋቸው ነበር። የአነስ እናት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጠቻቸውን ዛፎች እሳቸው ለኡሙ አይመን ሰጧት። በኋላ ሙሃጂሮች ራሳቸውን ሲችሉ ዛፎቹ ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ ተደረገ። አነስ ሊጠይቅ ሲመጣ ኡሙ አይመን ልብሱን አንገቱ ላይ ጠመጠመችና አልመልስም ብላ ማለች። ዛፎቹ ለዘለቄታው የእሷ የሆኑ መስሏት ነበር። በሕጉ ተሳስታለች፤ ፈራጁም አጠገቧ ቆመዋል። በአንድ ቃል ማስለቀቅ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ይህን ያህል ልስጥሽ አሏት፤ እምቢ አለች። ጨመሩላት፤ እምቢ አለች። ዐሥር እጥፍ ወይም ወደዚያ እስኪጠጋ ድረስ ጨምረው ካስደሰቷት በኋላ ዛፎቹ ለባለቤታቸው ተመለሱ። የአንሷሮቹ መብት አልተነካም፤ የአሮጊቷም ልብ አልተሰበረም። ልዩነቱን የከፈሉት ሥልጣን የነበራቸው ራሳቸው ናቸው።

እኔ የዚህችን ሴት ነጻነት የምለካው በነጻነት ቃሉ ብቻ ሳይሆን በዚህ እምቢታዋ ነው። አገራችን ባርነትን በአዋጅ የሻረችው በ1934 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላ ባሪያ አለኝ የሚል የለም። ግን ጎባና ሮቤ ባሉ ቤቶቻችን፣ አዲስ አበባም ቢሆን፣ ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ እምቢ ማለት ትችላለች? መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ ተብላ መጥታ መስከረም የማይደርስላት ልጅ አለች። ደመወዝሽ ለአንቺው ይጠራቀምልሽ ተብላ ሒሳቡን አይታው የማታውቅ አለች። የሪያድን ቤት የሚወቅስ አንደበት እዚህም ሥራ አለው።

ኡሙ አይመን በነጻነቷ የተረከበችውን ኃላፊነት በጦር ሜዳም ተወጥታለች። በኡሑድ ውሃ እያቀበለች ቁስለኛ ታክም ነበር፤ በሚሸሹት ፊት ላይም አፈር እንደበተነች ተዘግቧል። በኸይበርም ነበረች። በስምንተኛው የሂጅራ ዓመት ባሏ ዘይድ ሙእታ ላይ ሸሂድ ሆነ። ወራት ሳይቆጠሩ የበኩር ልጇ አይመን በሑነይን፣ ብዙዎች ባፈገፈጉበት ሰዓት ጸንቶ ቆሞ ሞተ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ) ዑመርን (ረ.ዐ) ነቢዩ ይጠይቋት እንደነበረው እኛም እንጠይቃት አሏቸው። ሁለቱ ሲደርሱ አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው የተሻለ እንደሆነ ነግረው ሊያጽናኗት ሞከሩ። እሷም ይህን እንደምታውቅ፣ የምታለቅሰው ግን የሰማይ ወሕይ በመቋረጡ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ። ዑመር ሲገደሉም ኢስላም ዛሬ ተዳከመ ብላ እንዳለቀሰች ኢብኑ ሰዕድ ጽፈዋል። በዚህ ዘገባ መሠረት የሞተችው በዑስማን (ረ.ዐ) ኺላፋ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ወላሁ አዕለም።