አፄ ዮሐንስ 4ኛ እና በትምባሆ ላይ የጣሉት ክልከላ

ከደብረ ታቦር ከተማ በስተምሥራቅ የጉና ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከተራራው ግርጌና ከዚያም ወዲያ እስቴ፣ ጋይንትና ስማዳ ተዘርግተዋል። በዚህ አቅጣጫ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ ጨጨሆና ወደ ወሎ የሚያሻግረው መንገድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነገሥታት መንገድ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሰኘውን ከባድ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በኩል ነው። ከእርሳቸው በኋላ በደብረ ታቦር ተቀምጠው አገሪቱን ከመሩት ነገሥታት አንዱ ደግሞ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው።

የቀድሞው ካሣ ምርጫ የተወለዱት በ1829 ዓ.ም. ሲሆን አባታቸው የተንቤን ሹም የነበሩት ሹም ተንቤን ምርጫ፣ እናታቸውም የእንደርታዋ ወይዘሮ ሥላስ ድምፁ ነበሩ። በ1863 ዓ.ም. በአድዋ አቅራቢያ በተደረገ ጦርነት አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነሥተው፣ በጥር ወር 1864 ዓ.ም. በአክሱም በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ነገሡ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ወራሪ ጦር በጉንደትና በጉራ ድል ማድረጋቸው ስማቸውን ከአገር አልፎ በውጭው ዓለም አስጠርቶታል።

ንጉሠ ነገሥቱ በግል ሕይወታቸው እንደ መነኩሴ የሚቆጠሩ ጾመኛና ጸሎተኛ ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሌላ ሚስት እንዳላገቡ ይነገራል። ይህ ጥብቅነት ከቤተ መንግሥታቸው ግድግዳ አልፎ ወደ ሕዝቡ የዕለት ኑሮ መግባቱ ግን በዘመናቸው ካስወጧቸው ሕጎች ሁሉ ለየት ያለውን አስከተለ። ይኸውም ትምባሆን ፈጽሞ የሚከለክለው ሕግ ነው።

ትምባሆ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በዚያን ጊዜ ረጅም ዘመን ሆኖታል። ገበሬው ከጓሮው ጥቂት ተክል አብቅሎ ቅጠሉን ያደርቃል። አንዳንዱ በቅል በተሠራና ውኃ በሚያዝ ጋያ ያጨሰዋል፤ ሌላው አልሞ ወቅጦ፣ ከአመድ ጋር ቀላቅሎ ሱረት ያደርገዋል። ለገበያ የቀረበን ትምባሆ ገዢው በጣቱ አሽቶና አሽትቶ፣ ጠረኑንና አፍንጫ ላይ የሚያሳድረውን ኃይል መርምሮ ያነጻጽራል። ካህናቱ በበኩላቸው ተክሉን በበጎ ዓይን አይመለከቱትም ነበር። ከመናፍቁ ከአርዮስ ሆድ ዕቃ የበቀለ ነው የሚል አፈ ታሪክ በመካከላቸው ይነገር ነበር። ትምባሆ ማጨስና ሱረት መሳብ ከክርስትና የማይስማማ ልማድ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ የንጉሠ ነገሥቱ ክልከላ መሠረቱ ጤና ሳይሆን ሃይማኖት ነበር።

ቅጣቱ እጅግ የከበደ ነበር። በዘመኑ አገሪቱን የጎበኙ አውሮፓውያን እንደመዘገቡት፣ ሱረት ሲስብ የተያዘ ሰው አፍንጫው፣ ሲያጨስ የተገኘም ከንፈሩ ይቆረጥ ነበር። ሕጉ የሚያስፈራው ቅጣቱ ስለከበደ ብቻ አልነበረም። ለማንም ሰው አንድ ጊዜ የደረሰበት ቅጣት በፊቱ ላይ ተጽፎ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዕድሜውን ሙሉ ይታይ ነበርና ነው።

በጥቅምት ወር 1872 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጄኔራል ቻርልስ ጎርደን የግብፅ ገዢ መልእክተኛ ሆኖ ስለ ሰላም ለመነጋገር ወደ ደብረ ታቦር መጣ። ጎርደን ሲጋራን በሲጋራ ላይ በመለኮስ የታወቀ አጫሽ ነበር። የትምባሆ ጠላት ከሆኑት ንጉሥ ፊት የቆመውም በዚህ ጠባዩ ነው። ሆኖም ንግግሩን ያፈረሰው ትምባሆ አልነበረም። አፄ ዮሐንስ በግብፅ የተያዘው ግዛትና የባሕር በር እንዲመለስላቸው በመጠየቃቸው ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙ ተለያዩ።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ ከሐቫና የሚመጣ ምርጥ ሲጋር የክብር ምልክት ነበር። አዋቂዎች የመጠቅለያ ቅጠሉን ቀለምና ልስላሴ፣ ከመለኮሱ በፊት ያለውን ሽታ፣ የጭሱን ጣዕምና የአመዱን ጥንካሬ እየመረመሩ ደረጃ ያወጡለት ነበር። አንድ ዓይነት ቅጠል በአንዱ አገር የክብር እንግዳ ግብዣ፣ በሌላው ደግሞ የአካል መቆረጥ ምክንያት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ረገድ አፄ ዮሐንስ ብቸኛ አልነበሩም። የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1633 በአጫሾች ላይ የሞት ቅጣት ደንግገው ነበር። በሩሲያም ዛር ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1634 ባወጡት ድንጋጌ መሠረት ትምባሆ ተጠቃሚዎች አፍንጫቸው ይሰነጠቅ ነበር። በሁለቱም አገሮች ክልከላው ዘላቂ ሊሆን አልቻለም። በሩሲያ በዚያው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ታላቁ ጴጥሮስ አንስተውታል።

የትምባሆው ክልከላ የንጉሠ ነገሥቱን አጠቃላይ አካሄድ ያሳያል። በ1870 ዓ.ም. በወሎ በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የሃይማኖት ክርክር በአንድ ውሳኔ ዘጉ። ሙስሊም ባለሥልጣናትም በተወሰነላቸው ጊዜ እንዲጠመቁ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ አዘዙ። አገርን አንድ ለማድረግ ሃይማኖትንና ልማድን አንድ ማድረግ ያስፈልጋል የሚል እምነት ነበራቸው። የአገሪቱን ዳር ድንበር በመጠበቅ ያሳዩት ቆራጥነት በታሪክ ሲመሰገን፣ በሰው እምነትና በግል ልማድ ላይ የጫኑት ኃይል ግን ቂምና ዐመፅ አስከትሏል።

አፄ ዮሐንስ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በመተማ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው አረፉ። በቅጣት ፍርሃት የቆመው የትምባሆ ክልከላም ከእርሳቸው ጋር አከተመ። ጋያውና ሱረቱ ከተደበቁበት ወጡ፤ ትምባሆም ቀስ በቀስ ወደ ገበያ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ከሽያጩ ገቢ መሰብሰብ ጀመረ። ይህ ድርጅት ከጊዜ በኋላ አብዛኛው ድርሻው ለጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናል ተሽጧል።

ከንጉሠ ነገሥቱ ዕረፍት ከ130 ዓመት በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ትምባሆን በሌላ መንገድ ይቆጣጠረዋል። ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ዝግ ሥፍራዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስን፣ የትምባሆ ማስታወቂያንም ይከለክላል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂ ኢትዮጵያውያን ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሆነው ተገኝተዋል።

አፄ ዮሐንስ ከ140 ዓመት በፊት የጠሉት ቅጠል ለጤና ጎጂ መሆኑን ዛሬ ሳይንስ አረጋግጧል። በዚህ ነገር ንጉሡ ጉዳቱን በተመለከተ አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት ሰውን ከልማዱ ለመመለስ በመረጡት መንገድ ነው። በሰይፍ የቆመው ሕግ ሰይፉን ከያዘው ንጉሥ አንድ ቀን አላለፈም። በአንጻሩ የጉዳቱን ምክንያት ለሕዝብ የሚያስረዳና የሰውን አካል የማይነካ ሕግ ከአንድ ሰው ዕድሜ አልፎ የመጽናት ዕድል አለው።