ሙዚየም እንደ ሥራ ቦታ፦ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌና የብራና ሥዕል ጥናታቸው

የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሕይወት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በሽልማቶቻቸውና በታዋቂ ሥራዎቻቸው ቅደም ተከተል ነው። ከእነዚህ ቀድሞ ግን ሠዓሊው የኢትዮጵያን የብራና ሥዕሎች በአውሮፓ ያጠኑበት ምዕራፍ አለ። ይህ አጭር ጽሑፍ የዚያን ጥናት መነሻና በኋለኛው ሥራቸው ላይ ያለውን ፋይዳ ይመረምራል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

አፈወርቅ በ1932 በአንኮበር ተወለዱ፤ ልጅነታቸውም በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን አለፈ። በ1947 የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ከጦርነት ወጥታ ባለሙያ ትሻ ለነበረች ሀገር ከምህንድስና ወደ ሥዕል መሻገር ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሆኖም ዝንባሌያቸው አመዝኖ በለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንፃ ንድፍን ተማሩ። በ1954 የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርእያቸውን በአዲስ አበባ አቀረቡ።

ብራናው ወደሚገኝበት

ከዐውደ ርእዩ በኋላ ሠዓሊው ለሁለት ዓመታት ያህል በአውሮፓ ተዘዋወሩ። በዚህ ጉዞ ባለቀለም መስታወት አሠራርን ከማጥናታቸውም በላይ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን የሚገኙትን የኢትዮጵያ ሥዕላዊ ብራናዎች መረመሩ። የሦስቱ ስብስቦች አመጣጥ የተለያየ ነው። በለንደን ከሚገኙት መካከል 350 ገደማ የሚሆኑት በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ሲሆኑ፣ በዚያን ጊዜ በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጠው ነበር። የፓሪሱ ስብስብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንቷን ዳባዲ ያሰባሰባቸውን ይጨምራል። ከቫቲካኖቹ ብዙዎቹ ደግሞ በሮም የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ ከነበረው ከቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የመጡ ናቸው።

በሀገር ውስጥም በየገዳማቱና በየአድባራቱ እጅግ ብዙ ብራና ነበር፤ ነገር ግን ለአገልግሎትና ለጸሎት በዕቃ ቤት የሚጠበቅ እንጂ ለተመራማሪ ዐይን የተሰናዳ አልነበረም። ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የተመሠረተው በ1963 ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ የአያቶቹን ሥራ ጎን ለጎን አድርጎ ለማነጻጸር ባሕር መሻገር ነበረበት።

በብራናዎቹ ላይ መስመር ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል። ጸሐፊው በመቃ ብዕር፣ ከጥላሸትና ከሌሎች ነገሮች በተዘጋጀ ጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ይለያል፤ የምዕራፍ ራስጌን በሐረግ ያስጌጣል። ሠዓሊውም ፊትን፣ እጅንና የልብስን እጥፋት በጥቁር መስመር ወስኖ መካከሉን በደማቅ ቀለም ይሞላል።

ከብራና ወደ መስታወት

ይህ አሠራር በአዲስ አበባ በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ መስኮት ላይ ዳግም የተገለጠ ይመስላል። የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ የጊዜውን ሁኔታና መጪውን ተስፋ በሦስት ክፍል የሚያሳየው ሥራ 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። በባለቀለም መስታወት ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው ጥቁር ማሰሪያ እንደ ብራናው የቀለም መስመር ቅርጽን ከቅርጽ ይለያል። ዝምድናው ከቴክኒኩ ባሕርይም የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ አፈወርቅ ሁለቱን ጥበባት በአንድ ጉዞ ማጥናታቸው ግን ንጽጽሩን ያጠናክራል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው።

ማጠቃለያ

አፈወርቅ በ1964 በሥነ ጥበብ ዘርፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። ራሳቸውን የሣሉበት ሥዕልም በፍሎረንስ ኡፊዚ ቤተ ሥዕል ስብስብ ገባ። በአዲስ አበባ ራሳቸው የነደፉት ቪላ አልፋ መኖሪያ፣ የሥራ ክፍልና የሥዕል ማሳያ በመሆን አገለገለ። በ2012 አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ሙዚየም ለእኚህ ሠዓሊ እርሳስና ወረቀት ይዘው የሚገቡበት ሁለተኛ ትምህርት ቤት እንደነበር ሕይወታቸው ያሳያል። ይህም በወላይታ ሶዶም ሆነ በቦዲቲ ለሚማር ወጣት ይበጃል፤ ቅርስ ለጎብኚ ከመታየቱ ባሻገር ተማሪ ተቀምጦ መስመሩን የሚከተልበት ቦታና ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።