ወደብ ፍለጋ የወጡት አልጋ ወራሽ

ልዑል ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት፣ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረር አቅራቢያ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ስለ ንግሥናቸውና ስለ አወዳደቃቸው ብዙ ተጽፏል። በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ግን ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ በ1916 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገሮች ያደረጉትን ጉዞ ነው። ያ ጉዞ አንድ ነገር ለመለመን የተደረገ ሲሆን፣ የተለመነው ነገር ሳይገኝ ብዙ ክብርና ብዙ ኒሻን ተገኝቶበት ተመልሰዋል። (የእ.ኤ.አ. ምልክት የሌላቸው ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ዓሊ ገና በሕፃንነታቸው ዐርፈው ነበር። አባታቸው ልዑል ራስ መኰንን የሐረርጌ ገዥ ብቻ ሳይሆኑ፣ የዳግማዊ ምኒልክ የውጭ ጉዳይ ታማኝ መልእክተኛም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1889 የውጫሌን ውል ተከትሎ ወደ ኢጣሊያ፣ በ1902 ደግሞ ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ወደ እንግሊዝ ተልከዋል። በወዳጅነት ወደ ሮማ የሄዱት እኚሁ ሰው በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የጦር መሪ ሆነው ኢጣሊያኖችን ተዋግተዋል። ልጃቸው ይህን ታሪክ እየሰሙ አደጉ።

ለእኛ ለካቶሊካውያን ከዚህ ዘመን የማይረሳ አንድ ነገር አለ። ራስ መኰንን ልጃቸው የፈረንሳይኛ ቋንቋና የዘመኑን ትምህርት እንዲያገኝ በፈለጉ ጊዜ፣ አደራ ያሉት በሐረር የነበሩትን የካፑቺን ሚስዮናዊ ብፁዕ አባ እንድርያስን፣ በፈረንሳይ ስማቸው ሞንሲኞር ዣሮሶን ነበር። በየቀኑ የሚያስተምራቸው ሰውም ከዚያው ሚስዮን ተገኘ፤ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን። ልጁ በኦርቶዶክስ እምነታቸው ጸንተው ኖሩ፤ መምህራቸውንም አልረሱም። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ጀልባ ተገልብጦ ሞቱ። ተፈሪም በዚያች ጀልባ ነበሩና ከሞት የተረፉት በጭንቅ ነው።

አባታቸው በ1898 ዓ.ም. ሲያርፉ ተፈሪ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ እንለፈው፤ የሐረርጌ ገዥነትን አገኙ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ፣ ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነትና በእንደራሴነት ተሰየሙ። ሥልጣኑ የተከፋፈለ ነበር። የጦሩ ሚኒስትር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና የቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች ከውጭ የሚመጣውን አዲስ ነገር በጥርጣሬ ይመለከቱ ነበር።

የአገሪቱ ችግር በካርታ ላይ ጎልቶ ይታያል። በሰሜን ኢጣሊያ ኤርትራን፣ በምሥራቅ ፈረንሳይ ጅቡቲን፣ እንግሊዝ ዘይላንና በርበራን፣ ኢጣሊያ ደግሞ ደቡብ ሶማሊያን ይዘዋል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር የኢትዮጵያን ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ቢያወርድም ወደቡ የሌላ ነበር። ስለዚህም መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች ጊዜ፣ አልጋ ወራሹ ጊዜው አሁን ነው ብለው ተነሡ። ወደ ማኅበሩ ለመግባት በባሪያ ንግድ ረገድ ቃል መግባት ግድ ሆኖ ነበር፤ ጉዞው ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ባርነትን በአንድ ቀን አላጠፋም። ቢሆንም አልጋ ወራሹ በአውሮጳ ከተሞች ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ የሚያሳዩት ነገር ይዘው ሄዱ።

ሚያዝያ 8 ቀን 1916 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሡ። አብረዋቸው የጎጃሙ ራስ ኃይሉ፣ የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻና ሌሎች መኳንንት ነበሩ። በኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ተከትለው የጉዞውን ታሪክ ደስታና ክብር በተሰኘ መጽሐፍ ጽፈዋል። መኳንንቱ አብረው የተወሰዱት ዓለምን እንዲያዩ ነው ቢባል እውነት ነው፤ ከኋላ ቀርተው እንዳያምፁ ነው ቢባልም የሚያስቀይም አይመስለንም። ለስጦታ የሚሆኑ አንበሶችም ተጭነው ነበር፤ የአውሮጳ ጋዜጦች ከወደቡ ጥያቄ ይልቅ ስለ አንበሶቹና ስለ መኳንንቱ ካባ አብዝተው ጻፉ።

የመጀመሪያው ታላቅ ማረፊያ ኢየሩሳሌም ነበረች። ሰሞነ ሕማማትንና ትንሣኤን በዚያ አከበሩ። በዴር ሡልጣን ገዳም ስላለው የኢትዮጵያውያን መነኮሳት መብትም ተወያዩ። በአርመኖች ገዳም ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ፤ አርባዎቹን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣትም ተስማሙ። አርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ናቸው። አብሯቸው የመጣው መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ የተሰማውን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ልዑኩ ወደ ጉዞው የወጣው ለዚህ አልነበረም፤ ከጉዞው ፍሬ ሁሉ ግን ረጅም ዕድሜ ካገኙት አንዱ ይህ ነው።

ከግብፅ ወደ ማርሴይና ወደ ፓሪስ አለፉ። ፈረንሳይ በመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ ደጋፊ ነበረችና አቀባበሉ የሞቀ ሆነ። ስለ ጅቡቲ ሲነሣ ግን ንግግሩ ለዘበ፤ ወዳጅነቱ ተረጋገጠ፣ የሚጨበጥ ውል አልተሰጠም። በብራስልስ፣ በሉክሰምቡርግና በስቶክሆልም የተደረገው ጉብኝት ከወደብ ጋር የተያያዘ ስላልነበረ ቀለል ያለ ነበር።

በሰኔ ወር ሮማ ገቡ። ከጥቂት ቀናት በፊት ማቴዎቲ የተባለው የሶሻሊስቶች የፓርላማ አባል በፋሺስቶች ተጠልፎ ጠፍቶ ነበርና የሙሶሊኒ መንግሥት ተናውጦ ነበር። ንጉሥ ቪክቶር አማኑኤል 3ኛ በክብር ተቀበሏቸው። በዓሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ነፃ ስፍራ ስለ መስጠት ንግግር ተጀመረ፤ ኢጣሊያ ግን በምላሹ በኢትዮጵያ ውስጥ የኢኮኖሚ ጥቅም ፈለገች። አልጋ ወራሹ በጥድፊያ አልፈረሙም። ያለ ንግሥቲቱና ያለ መኳንንቱ ምክር እንዲህ ያለ ውል መፈረም በአገር ቤት ምን እንደሚያስከትል ያውቁ ነበር፤ የውጫሌም ትዝታ ገና አልደረቀም።

በዚያው ሳምንት ወደ ቫቲካን ሄደው ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ጋር ተገናኙ። ይህ እንደ ዛሬው ቀላል ነገር አልነበረም። የኢጣሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1870 ሮማን ከያዘ ጀምሮ ርዕሳነ ሊቃነ ጳጳሳቱ ከቫቲካን ቅጥር አይወጡም፤ ቤተ መንግሥቱና ቅድስት መንበር አይነጋገሩም ነበር። የንጉሡ እንግዳ የሆነ ሰው ወደ ቫቲካን ለመሄድ በጥንቃቄ የተወሰነ ሥርዓት መከተል ነበረበት። በሐረር በካፑቺን ሚስዮን መምህር እጅ ያደጉት የኦርቶዶክስ ልዑል በዚያ ሥርዓት ገብተው በጴጥሮስ መንበር ከተቀመጡት አባት ፊት ቆሙ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ያለችው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ ነበረች። አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት በዚያ ሲኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በቤኔዲክቶስ 15ኛ ዘመን የኢትዮጵያ ኮሌጅ በዚያው ተቋቁሞ ነበር፤ ፒዮስ 11ኛም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቫቲካን አትክልት ስፍራ አዲስ ሕንፃ አሠሩለት።

በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከወሰዷቸው የአፄ ቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱ እንዲመለስ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ፈቀዱ። የተመለሰው ከብር ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠው ነው፤ የወርቁ ዘውድ ግን ዛሬም በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። ስለ ወደብ በተነሣ ጊዜ እንግሊዞች ወሬውን ወደ ጣና ሐይቅ ይመልሱ ነበር፤ በዚያ ግድብ ሠርተው የዓባይን ውሃ ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ ማዋል ይፈልጉ ነበርና። አልጋ ወራሹ ከዚያ ጄኔቭንና አቴናን ጎብኝተው በነሐሴ ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ገቡ።

ወደቡ አልተገኘም። ይባስ ብሎ በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. ለንደንና ሮማ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ኢጣሊያ እንግሊዝን በጣና ጉዳይ እንድትደግፍ፣ እንግሊዝም ኢጣሊያ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ መሬት እንድትዘረጋ ተስማሙ። በክብር የጋበዟቸው ሁለቱ መንግሥታት በእንግዳቸው ቤት ላይ እንዲህ ተነጋገሩ። ይሁን እንጂ ከጉዞው በፊት የተገኘው የማኅበሩ አባልነት እዚህ ላይ ጠቀመ፤ ልዑል ተፈሪ በሰኔ 1918 ዓ.ም. ለጄኔቭ አቤት አሉ፣ ሁለቱም መንግሥታት አሳባችን ክፉ አልነበረም እያሉ ማስተባበል ግድ ሆነባቸው። በ1920 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር በተፈረመው የወዳጅነት ውል ዓሰብ ተጠቀሰች፤ ከዓሰብ ደሴ የሚሠራው መንገድም ተጻፈ። ነገሩ በወረቀት ላይ ቀረ።

በአገር ውስጥ ግን ያዩትን በተግባር ለማዋል አልዘገዩም። በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ታተመ፤ በዚያው ዓመት ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ።

በ1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር በመርዝ ጋዝ ጭምር ወርሮ አገሪቱን ሲይዝ፣ በ1923 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሠ ነገሥት ከ12 ዓመት በፊት በሄዱበት መንገድ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ወረዱ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በጄኔቭ ቆመው አቤቱታ አሰሙ። በጦርነቱ ጊዜ ብዙ የኢጣሊያ ጳጳሳት የአገራቸውን ዘመቻ በይፋ መደገፋቸው በኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ልብ ያሳደረው ቁስል መሸፈን የለበትም።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። በ1963 ዓ.ም. ኢጣሊያን ሲጎበኙም ዳግመኛ ወደ ቫቲካን ሄደው ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ጋር ተገናኙ። በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በእስር ሳሉ ሞቱ፤ ዐፅማቸው በክብር ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው። መምህር መርጠው የሰጧቸው ብፁዕ አባ እንድርያስ ግን ያን ሁሉ አላዩም። በወረራው ዘመን በእርጅናቸው ሐረርን ለቀው ወደ ፈረንሳይ እንዲመለሱ ተደርገው፣ ተማሪያቸው ወደ አገራቸው በተመለሱበት በዚያው በ1933 ዓ.ም. በቱሉዝ ከተማ ዐረፉ።