ቺዩ ዩዋንና የዞንግዚ አመጣጥ

ቺዩ ዩዋን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ340 ዓመት ገደማ በደቡብ ቻይና ቹ በተባለ መንግሥት ተወለደ። ቻይና በዚያን ዘመን እርስ በርሳቸው በሚዋጉ ሰባት ታላላቅ መንግሥታት ተከፋፍላ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ጎልብቶ የሌሎቹን ግዛት ይነጥቅ የነበረው በምዕራብ የሚገኘው የቺን መንግሥት ነው።

ቺዩ ዩዋን የንጉሡ ዘመድ ስለነበረ ገና በወጣትነቱ ለከፍተኛ ሹመት በቃ። ንጉሥ ሁዋይን ያማክር፣ ሕግ ያረቅቅ፣ የውጭ መልእክተኞችንም ይቀበል ነበር። ቹ ከምሥራቁ መንግሥት ጋር ካልተባበረ በቺን መዋጡ እንደማይቀር አጥብቆ አስገነዘበ። መወደዱ ግን ምቀኛ አፈራበት። አንድ ባለሥልጣን ባረቀቃቸው ሕጎች ይመጻደቃል ብሎ አሳበቀበት፤ ሁዋይም ነገሩን ሳይመረምር አራቀው።

ከዚያም ጃንግ ዪ የተባለ የቺን መልእክተኛ መጥቶ፣ ቹ ከምሥራቁ ወዳጁ ቢለያይ 600 ሊ መሬት እንደሚሰጠው ቃል ገባ። ሊ የቻይናውያን የርቀት መለኪያ ነው። ንጉሡ ወዳጅነቱን ካፈረሰ በኋላ ግን ጃንግ ዪ የተስማማው ስለ 6 ሊ ብቻ እንደሆነ ተናግሮ ካደ። ሁዋይ በቁጣ ዘምቶ ተሸነፈ። በ299 ደግሞ የቺን ንጉሥ ለድርድር ጠራው። ቺዩ ዩዋን እንዳይሄድ ለመነው፤ የገዛ ልጁ ግን እንዲሄድ ገፋፋው። ሄደ፤ ተያዘ፤ በ296 በግዞት ሞተ።

የሚያስገርመው፣ አባቱን የገፋፋው ያው ልጅ በታላቅ ወንድሙ መንግሥት ዋና ሹም ሆነ። የቺዩ ዩዋን ወቀሳ ስላስቆጣው በሽንገላ ወደ ደቡብ አስጋዘው። ቺዩ ዩዋን ከቤተ መንግሥት በተገለለባቸው ዓመታት የቻይና ሥነ ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚኮራባቸውን ግጥሞች ደረሰ። ከእነዚህም ታላቁ ከ370 በላይ ስንኞች ያሉት ሊ ሳኦ ነው። በ278 የቺን ጦር ዋና ከተማውን ዪንግን ያዘ። ቺዩ ዩዋንም ድንጋይ ታቅፎ ሚሉዎ ወንዝ ውስጥ ገባ።

በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የአካባቢው ሰዎች በጀልባ ፈጥነው ፈለጉት፤ ዓሦች አስከሬኑን እንዳይነኩ ሩዝ ወደ ወንዙ ወረወሩ። በአምስተኛው ጨረቃ አምስተኛ ቀን የሚደረገው የጀልባ ውድድርና ዞንግዚ የተባለው ምግብ ከዚህ መጡ ይባላል። ዞንግዚ የሚሠራው የሚያጣብቅ ሩዝ ተዘፍዝፎ፣ ተምር መሰል ፍሬ፣ ባቄላ ወይም የዐሣማ ሥጋ ተጨምሮበት፣ በቀርከሃ ወይም በሸንበቆ ቅጠል ተጠቅልሎና በክር ታስሮ በመቀቀል ነው። ድፎ ዳቦ የኮባውን መዓዛ እንደሚወስድ ሁሉ ሩዙም የቅጠሉን መዓዛ ይወስዳል።

ይሁን እንጂ የቺዩ ዩዋንን ሕይወት ከ150 ዓመታት በላይ ቆይቶ የጻፈው ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን ስለ ሩዝም ሆነ ስለ ጀልባ ያሰፈረው ነገር የለም። የሩዙ ታሪክ በመጽሐፍ የሰፈረው ከ700 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ነው። በዚያ ትረካ መሠረት የቺዩ ዩዋን መንፈስ ለአንድ ሰው ተገልጦ፣ የሚወረወርለትን ሩዝ ዘንዶ እየበላበት መሆኑን አስረዳው፤ ዘንዶው ስለሚፈራቸው በቅጠልና አምስት ቀለም ባለው ክር እንዲታሰርለት ጠየቀ። ቻይናውያን በአገራቸውም ሆነ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለነዳጅ ዘይት ሥራ እስከ ካርቱም ድረስ በሄዱባቸው አገሮች፣ በዓሉ ሲደርስ ክሩን ፈትተው ቅጠሉን ሲገልጡ የሚያነሡት የዚህን ሰው ስም ነው።