ፍሬድሪክ ፍሮበልና የሕፃናት ትምህርት

በአረካ ከተማችን ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የኮምፒዩተር መሠረታዊ ትምህርት ይሰጥ የሚል ነገር በተነሣ ቁጥር፥ ብዙ ወላጆች አስቀድመው የሚጠይቁት መሣሪያው የት አለ ብለው ነው። ልጃችን ለጨዋታ አልተላከም የሚሉም አሉ። እኔ ግን መሣሪያው ከመሠራቱ ብዙ ዘመን በፊት ስለ ኖረ አንድ ጀርመናዊ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ፍሬድሪክ ፍሮበል በ1782 በቱሪንጊያ አገር ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደ። ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተችበት፤ አባቱ በሥራ ብዛት አላሰበውም፤ የእንጀራ እናቱም ፊት ነሣችው። ኋላ ለሕፃናት ያን ያህል መጨነቁ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። በ15 ዓመቱ የደን ሥራ እንዲማር ተሰጠ። በ1805 የሕንፃ ሥራ ሊማር ፍራንክፈርት ገብቶ ሳለ አስተማሪ ሆኖ ቀረ፤ ቀጥሎም በስዊስ አገር ከስመ ጥሩው መምህር ከፔስታሎዚ ዘንድ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ።

በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ትንሽ ከተማ ለሕፃናት ትምህርት ሥራውን ጀመረ፤ በ1840ም ኪንደርጋርተን ብሎ ሰየመው፤ የሕፃናት የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። የእንሰት ችግኝ ስንት ጊዜ እየተነቀለ እንደሚተከል ለሚያውቅ የአረካ ሰው፥ ይህ ስም ማብራሪያ አያሻውም።

ለሕፃናቱ ያበጀላቸውን መጫወቻ ስጦታ ይለው ነበር። የመጀመሪያው ከሱፍ ክር የተሠራ ኳስ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ አራት ማዕዘን ጠርብ እንጨት በሦስት አቅጣጫ እኩል ለሁለት እየተከፈለ 8 ትንንሽ ይሆናል። 1፥ 2፥ 4፥ 8። ኮምፒዩተርም የሚቈጥረው እንዲሁ በእጥፍ በሚያድግ ቁጥር ነው፤ ባይት የሚባለውም የ8 ቢት ጥቅል ነው። ፍሮበል ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ እጅ የነካውን ልብ ይይዘዋል ብሎ ብቻ ነው የሠራው።

ሌላው ሥራ የወረቀት ሽመና ነበር። ሕፃኑ ጥብጣቡን አንድ ጊዜ ከላይ፥ አንድ ጊዜ ከታች ያሳልፋል። ከላይ ያለውን 1፥ ከታች ያለውን 0 ብንለው፥ ትእዛዙ በተራ ሲነገር ፕሮግራም ሆነ ማለት ነው። ይህን ከ5 ዓመት እኅቴ ጋር ሞከርሁት፤ እርስዋ ታዝዛለች፥ እኔ እሸምናለሁ። ከመካከል ከላይ የሚለውን ሁለት ጊዜ ስለ ደገመች ጥለቱ ተበላሸ፤ ወረቀቱን ትኵር ብላ አይታ የተሳሳተችበትን ስፍራ ራስዋ አገኘችው። መብራት አላስፈለገንም። ዱንጉዛ ሲሸመን ያየ ልጅማ፥ ጥለት የሚወጣው ክር በመቍጠር መሆኑን ማን ሊነግረው!

ነገር ግን በ1851 የፕሩሲያ መንግሥት ኪንደርጋርተንን በአዋጅ ከለከለ። ሃይማኖት የለሽነትንና ሶሻሊዝምን ያስተምራል ተብሎ ነው፤ የወንድሙ ልጅ የካርል ጽሑፍ ከእርሱ ጋር ተምታቶ ነበር። ፍሮበል ቢያመለክትም አልተሰማም፤ በማግሥቱ ዓመት በ1852 በጁን ወር ሞተ። ክልከላው የተነሣው በ1860 ነው። ከዚያ በፊት ግን በ1856 ትምህርቱን ከእርሱ የሰማች ማርጋሬተ ሹርትስ የተባለች ሴት፥ በአሜሪካ ዋተርታውን ከተማ የራስዋን ልጅና ጥቂት የዘመድ ልጆችን ሰብስባ ኪንደርጋርተን ከፍታ ነበር።