ቻርሊ ቻፕሊን በባለጎማ ጫማ

እ.ኤ.አ ዲሴምበር 4 ቀን 1916 «ዘ ሪንክ» የተሰኘ ድምፅ አልባ አጭር ፊልም በአሜሪካ ለሕዝብ ቀረበ። ፊልሙ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። መነሻው በባለጎማ ጫማ የመንሸራተት ስፖርት ሲሆን፣ ዳይሬክተሩና መሪ ተዋናዩ የ27 ዓመቱ ቻርሊ ቻፕሊን ነበር።

ቻፕሊን በፊልሙ ውስጥ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ነው። የአንድን ግዙፍ ደንበኛ ሂሳብ የሚያሰላው በሰውየው ልብስ ላይ የቀረውን የምግብ ርዝራዥ እየመረመረ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ መንሸራተቻው አዳራሽ ያመራል። የምሳ ሰዓትን አጭርነት የሚያውቅ የቢሮ ሠራተኛ ይህን ክፍል ይበልጥ ሳይወደው አይቀርም። በሥራ ቦታው ሁሉን የሚያደናቅፈው አስተናጋጅ በጎማ ላይ ሲወጣ እንደ ወፍ ይቀልላል። የመኳንንት ማዕረግ ለራሱ ሰጥቶ ወደ አንድ ግብዣ ይገባል፤ ግብዣው በግርግር ይበተናል። እሱም ከዘራውን በመኪና ላይ አንጠልጥሎ እየተጎተተ ያመልጣል።

ሊወድቅ ሲል የሚተርፈው ያ ሰውነት በልምምድ ብዛት የተገራ ነበር። ቻፕሊን እ.ኤ.አ በ1889 የተወለደው ከድምፃውያን ወላጆች ነው። አባቱን መጠጥ ቀጠፈው፤ እናቱን የአእምሮ ሕመም አደከማት። በሰባት ዓመቱ በለንደን የድሆች መጠለያ ገባ። ገና በልጅነቱ ከአንድ የጭፈራ ቡድን ጋር መድረክ ላይ የወጣ ሲሆን፣ በኋላም በፍሬድ ካርኖ የቲያትር ቡድን ተቀጥሮ «ስኬቲንግ» በተባለው አስቂኝ ተውኔት ተጫወተ። የፊልሙ ጥበብ ከዚያ የተቀዳ ነው።

መጠለያ በገባ በ20 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ በ1916፣ ሙችዋል ከተባለው የፊልም ኩባንያ ጋር ለአንድ ዓመት የ670 ሺህ ዶላር ውል ተፈራረመ። «ዘ ሪንክ» በዚህ ውል ከተሠሩት 12 ፊልሞች አንዱ ነው። ግዙፉን ደንበኛ ሆኖ የተጫወተው ኤሪክ ካምቤል ግን ፊልሙ በወጣ በዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ።

ቻፕሊን እ.ኤ.አ በ1936 በወጣው «ሞደርን ታይምስ» ወደ ባለጎማ ጫማው ተመለሰ። ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ በገደል አፋፍ ላይ ሲንሸራተት ይታያል። ገደሉ በካሜራው ፊት በቆመ መስታወት ላይ የተሳለ ሥዕል እንጂ እውነተኛ አልነበረም፤ መንሸራተቱ ግን የራሱ ነው።

እ.ኤ.አ በ1952 ወደ ለንደን በመጓዝ ላይ ሳለ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ የተጠረጠረው ቻፕሊን ወደ አሜሪካ የመመለሻ ፈቃዱን ተነጠቀ። ኑሮውንም በስዊዘርላንድ አደረገ። ከ20 ዓመታት በኋላ የክብር ኦስካር ሽልማት ለመቀበል ሲመለስ፣ በአዳራሹ የተገኙት ሁሉ ብድግ ብለው ለረዥም ደቂቃዎች አጨበጨቡለት። እ.ኤ.አ ዲሴምበር 25 ቀን 1977፣ በ88 ዓመቱ፣ በስዊዘርላንድ መኖሪያ ቤቱ ዐረፈ።