ፕሮፌሰር ባርት ቦክ፤ የከዋክብትን አወላለድ የመረመሩ መምህር

መምህር የዘራውን ሁሉ ራሱ አያጭድም። በፊቱ የተቀመጠው ልጅ ወደ ፊት ምን ሰው እንደሚሆን ሳያውቅ ያስተምራል፤ ፍሬውም ብዙ ጊዜ የሚታየው እርሱ ከክፍሉ ከወጣ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚህ ዓለም ከተለየ በኋላ ነው። ይህ የመምህርነት ዕጣ በማስተማር ብቻ ሳይሆን በምርምርም ከደረሰባቸው ሊቃውንት አንዱ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ባርት ቦክ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ባርት ያን ቦክ ኤፕሪል 28 ቀን 1906 በሆላንድ አገር ሆርን በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአገሩ የጦር ሠራዊት ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ልጁ በሄግ ከተማ በቦይ ስካውት ማኅበር ውስጥ ሳሉ የሌሊቱን ሰማይ መመልከት ጀመሩ፤ ያ የልጅነት ፍቅርም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም። በ1924 ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1927ም ወደ ግሮኒንገን ተሻግረው ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

በ1928 የዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ማኅበር ጉባኤ በላይደን ተደረገ። ወጣቱ ቦክ በዚያ ጉባኤ በአሜሪካ በስሚዝ ኮሌጅ ከሚያስተምሩት ከፕሪሲላ ፌርፊልድ ጋር ተዋወቁ። ፕሪሲላ በዕድሜ በ10 ዓመት ይበልጧቸው ነበር፤ በትምህርትም የዶክተርነትን ማዕረግ አስቀድመው ያገኙ ሊቅ ነበሩ። ሁለቱ በ1929 ተጋቡ። በዚያው ዓመት ቦክ ወደ አሜሪካ ሄደው በሐርሎ ሻፕሌ ይመራ በነበረው በሐርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ሥራ ጀመሩ። የዶክተርነት ማዕረጋቸውን ግን የተቀበሉት በ1932 ከግሮኒንገን ነው፤ ጽሑፋቸውም በደቡብ ሰማይ ስለሚገኘው ስለ ኤታ ካሪና አካባቢ የሚናገር ነበር። በ1938 የአሜሪካን ዜግነት አገኙ።

የቦክ የመጀመሪያ የምርምር ዘዴ ማንኛውም ተማሪ የሚችለው ነገር ነበር፤ እርሱም መቍጠር ነው። ፍኖተ ሐሊብ የተባለው የከዋክብት ጎዳና በብዙ ሺሕ ሚሊዮን የሚቈጠሩ ከዋክብት የተሰበሰቡበት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ብርሃን መካከል እዚህም እዚያም ጥቁር ቦታ ይታያል። በ18ኛው ምእተ ዓመት ዊልያም ሄርሸል እንዲህ ያለውን ጥቁር ቦታ በሰማይ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ አድርገው ገምተውት ነበር። ኤድዋርድ ባርናርድ በ1919 የ182 ጥቁር ቦታዎችን ዝርዝር ካወጡ በኋላ ነገሩ ቀዳዳ ሳይሆን መጋረጃ መሆኑ እየታመነ ሄደ። ቦክ በፎቶግራፍ ላይ በጥቁሩ ቦታ የሚታዩትን ከዋክብት ይቈጥሩና ከአጠገቡ ካለው ብሩህ ቦታ ጋር ያመዛዝኑ ነበር። በአንድ በኩል ብዙ፥ በሌላ በኩል ጥቂት ከዋክብት ቢገኙ፥ የጐደሉት ከዋክብት ጠፍተው ሳይሆን በአቧራ ደመና ተሸፍነው እንደ ሆነ ይታወቃል። ከጐደለው ቍጥር ተነሥቶም የመጋረጃውን ውፍረት ማስላት ይቻላል።

በ1947 ቦክ ከኤዲት ራይሊ ጋር ሆነው ስለ ጥቃቅን ጥቁር ደመናዎች አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። እነዚህ ደመናዎች ድቡልቡል ናቸው፤ ዳርቻቸውም ጥርት ብሎ ይታያል። ጥቃቅን የተባሉት ከሌሎቹ የሰማይ ደመናዎች ጋር ሲመዛዘኑ ነው እንጂ፥ የአንዱ ስፋት አንድ የብርሃን ዓመት ያህል፥ ይኸውም 9.5 ሚሊዮን ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በውስጣቸው ያለው ጋዝና አቧራ በክብደት ከፀሐይ ከ2 እስከ 50 እጥፍ ይደርሳል። ቅዝቃዜያቸውም ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ያህል ነው።

ቦክና ራይሊ ያቀረቡት አሳብ ደመናዎቹ የከዋክብት መወለጃ ናቸው የሚል ነበር። የሐር ትል ክሯን ፈትላ በጠቀለለችው ቤት ውስጥ ተሸሽጋ መልኳን እንደምትለውጥ፥ ደመናውም በገዛ ስበቱ ወደ ውስጥ እየተሰበሰበ፥ እየጠበቀና እየጋለ ሄዶ በመጨረሻ ኮከብ ይሆናል አሉ። ጋዝ እንዲሰበሰብ መቀዝቀዝ አለበት፤ የሞቀ ጋዝ ተገፋፍቶ ይበተናልና። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ጨለማና ብርድ የሆነው ቦታ ለከዋክብት መወለድ ተስማሚ ሆነ ማለት ነው።

አሳቡ ያማረ ቢሆንም ማረጋገጫ አልነበረውም። ዓይንም ሆነ የዘመኑ ፎቶግራፍ በአቧራው ውስጥ ዘልቆ ሊያይ አልቻለም። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት ተጠራጠሩ፤ መጠራጠራቸውም የሳይንስ ሥርዐት ነበር። ቦክ አሳባቸውን አልተዉም፤ ያልተረጋገጠውንም እንደ ተረጋገጠ አላስተማሩም። የቻሉትን እየለኩ፥ ያልቻሉትን ለሚመጣው ትውልድ የሚያቈዩ ሰው ነበሩ።

ቦክ በማስተማር ረገድ ድምፀ ጐላ፥ ሣቂታና ለተማሪ ቅርብ ነበሩ። ምርምርን ለሊቃውንት፥ ትምህርትን ለተማሪዎች ብለው አይለያዩም። ከባለቤታቸው ጋር ሆነው በ1941 ስለ ፍኖተ ሐሊብ ያሳተሙት መጽሐፍ ማንኛውም የተማረ ሰው እንዲረዳው ሆኖ የተጻፈ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንም ለመርከበኞች በከዋክብት አቅጣጫን የማወቅን ዘዴ አስተማሩ፤ በ1944 ከፍራንሲስ ራይት ጋር በዚሁ ጉዳይ የመማሪያ መጽሐፍ አወጡ። የኮከብ ቈጠራ ጥንቈላ ከሥነ ፈለክ ጋር እየተደባለቀ ሕዝብን ማሳሳቱን በመቃወምም በ1941 ጻፉ። በ1975ም 186 ሳይንቲስቶች የፈረሙበትን ተቃውሞ ካዘጋጁት አንዱ ሆኑ።

ይልቁንም ለመምህራን ምሳሌ የሚሆነው የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ታሪካቸው ነው። በ1951 በሐርቫርድ ከሃይድሮጅን ጋዝ የሚመጣው የ21 ሴንቲ ሜትር የሬዲዮ ሞገድ ከሰማይ ተቀባይነት አገኘ። ቦክ ያን ጊዜ 45 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ የሬዲዮ መሣሪያም ሙያቸው አልነበረም። ይሁን እንጂ ይህ ሞገድ አቧራው ሳያግደው እንደሚያልፍ ስለ ተረዱ፥ ከተማሪዎቻቸው ጋር አብረው ሊማሩ ተነሡ። በ1953 ስፋቱ 24 ጫማ የሆነ አንቴና ተተከለ። በዚያ ከሠለጠኑት ተማሪዎች መካከል ዴቪድ ሂሽን በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ጣቢያ ሹም ሆኑ። ፍራንክ ድሬክም በ1960 ከሌሎች ዓለማት የሚላክ ምልክት እንዳለ ለማወቅ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ የመጀመሪያውን ፍለጋ አደረጉ። መምህሩ ራሳቸው በማያውቁት መስክ ተማሪዎቻቸውን ማሠልጠናቸው አላሳፈራቸውም።

የፍኖተ ሐሊብ እምብርት የሚታየው በደቡብ ሰማይ ስለ ሆነ፥ ቦክ በ1950 ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው በብሉምፎንቴን አጠገብ ባለው በቦይደን ጣቢያ ሠሩ። በ1957 ደግሞ ሐርቫርድን ለቀው በአውስትራሊያ የስትሮምሎ ተራራ መመልከቻ ሹም ሆኑ። በዚያም የድኅረ ምረቃ ትምህርትን አጠናከሩ፤ በየከተማው እየዞሩ ለሕዝብ ንግግር አደረጉ። የካንቤራ መብራት ሰማዩን እያደበዘዘው መሄዱን ባዩ ጊዜም ሌላ ቦታ አስፈልገው በሳይዲንግ ስፕሪንግ አዲስ ጣቢያ እንዲቋቋም አደረጉ። በ1964 ስፋቱ 40 ኢንች የሆነ ቴሌስኮፕ በዚያ ተተከለ። በ1966 ወደ አሜሪካ ተመልሰው እስከ 1970 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የስቱዋርድ መመልከቻ ሹም ሆነው አገለገሉ፤ በ1974ም ጡረታ ወጡ።

በዚህ ሁሉ ጉዞ ፕሪሲላ ከጐናቸው አልተለዩም። በሐርቫርድ ዘመን ያለ ደመወዝ ከዋክብትን ይለኩ ነበር፤ በመጽሐፋቸውም ላይ ስማቸው ከባላቸው ስም ጋር ተጽፏል። በ1975 ባረፉ ጊዜ ቦክ የ46 ዓመት ጓደኛና የሥራ ባልደረባ አጡ። አንዲት ትንሽ ፈለክ በሁለቱ መታሰቢያነት ቦክ ተብላለች፤ የመዝገብ ቍጥሯም 1983 ነው።

ሐዘንና እርጅና ግን ቦክን ከትምህርት አላገዷቸውም። በ1970ዎቹ ዓመታት ፍኖተ ሐሊብ አስቀድሞ ከታሰበው እጅግ የከበደና የሰፋ መሆኑ ተገለጠ። ቦክ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ትምህርት መታረም እንዳለበት ተረዱ። የመጽሐፋቸውንም አምስተኛ እትም አድሰው በ1981፥ በ75 ዓመታቸው አወጡ። በጁን 1983 የፀሐይን ግርዶሽ ለማየት እስከ ኢንዶኔዥያ ተጓዙ። ኦገስት 5 ቀን 1983 በቱሳን ከተማ በ77 ዓመታቸው አረፉ።

በዚያው ዓመት በጃንዩዋሪ አሜሪካ፥ ሆላንድና ብሪታንያ ታሕተ ቀይ ብርሃንን የሚመለከት ሰው ሠራሽ ሳተላይት ወደ ጠፈር ልከው ነበር። ይህ ብርሃን ለዓይን የማይታይ የሙቀት ብርሃን ሲሆን አቧራውን ሰንጥቆ ያልፋል። በ1990 ዣኦ ዩንና ዳን ክሌመንስ የሳተላይቱን መዝገብና በምድር ላይ ያደረጉትን ልኬት አገናዝበው ጥቃቅኖቹን ደመናዎች መረመሩ፤ በብዙዎቹም ውስጥ ገና በመወለድ ላይ ያሉ ከዋክብት ተገኙ። በጽሑፋቸው አርእስት ላይም ቦክ ትክክል እንደ ነበሩ መሰከሩ። አሳቡ ከቀረበ 43፥ ባለቤቱ ከሞቱ 7 ዓመት ሆኖት ነበር። ዛሬ እነዚያ ደመናዎች በዓለም ሁሉ በቦክ ስም ይጠራሉ። በአሪዞና ያለው የ90 ኢንች ቴሌስኮፕም በ1996 ስማቸውን ወርሷል።

ቦክ የመረመሩት ሰማይ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም ሩቅ አይደለም። በሚያዝያና በግንቦት ጨረቃ በሌለበትና ሰማዩ በጠራበት ሌሊት፥ ከደጋው አገር ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው የደቡብን መስቀል ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ ያየዋል። ከመስቀሉም አጠገብ የከሰል ጆንያ የተባለው ታላቅ ጥቁር ደመና አለ። ቴሌስኮፕ የሌለው መምህር ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አውጥቶ በጥቁሩ ቦታና በአጠገቡ ባለው ብሩህ ቦታ የሚታዩትን ከዋክብት ቢያስቈጥራቸው፥ ልዩነቱም ከምን እንደ መጣ ቢጠይቃቸው፥ ፕሮፌሰር ቦክ ሥራቸውን የጀመሩበትን ትምህርት አስተማረ ማለት ነው። ከልጆቹ መካከል መልሱን ወደ ፊት የሚያስፋፋው ማን እንደ ሆነ በዚያ ሌሊት አይታወቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ማስቈጠር ይገባል።